ከወደቁ ወዲያ
(ስለ ድጋሚ ፈተና ታሪክ ጥቂት ቃል)

፩

«ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። እኛ ግን ባለፈው ሰሞን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሰማነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አራት የዶርም ጓደኛሞች ሆነን ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ «ጋት» ለምንለው፣ ተቀመጥን። ውጤቱ ሲመጣ አራታችንም አንገታችንን ደፋን። ሁለታችን ከማለፊያው በታች ሆንን። ሁለታችን ደግሞ አለፉ ለመባል ያህል አልፈን፣ የምንመኘው የትምህርት ክፍል ዞር ብሎ የማያየው ነጥብ ይዘን ቀረን።

ከዚያ ወዲያ አንደኛችን ምሳውን ትቶ ተኛ። አንደኛችን ለእናቱ ደውሎ «ገና አልተነገረም» አለ። አንደኛችን «ድሮስ መቼ ማጥናት ፈለግሁ» እያለ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። አራተኛችን አጎቱ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናገረ፤ ያንን ተረት ተሸክሞ የመጣልንም እርሱ ነው። አጎትዬው ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ሁለተኛ ከምትላላጥ ሥራህን ፈልግ» ማለታቸው ነበር።

ታዲያ እንደገና እንፈተን ወይስ እንተወው? በዚህ ነገር እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። በመጨረሻ የታሪክ ክፍል ተማሪ የሆነው ጓደኛችን፣ «እኛ እኮ የመጀመሪያዎቹ ወዳቂዎች አይደለንም። እስቲ ከእኛ በፊት የወደቁትን እንጠይቅ» አለ። ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር፤ ግን በማግስቱ ላይብረሪ ገባን። ያገኘነውን ለናንተም ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይኸን ጽሑፍ አዘጋጀን። የኛን አገር ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፪

ፈተና ወድቆ እንደገና መቀመጥን በተመለከተ የቻይናን ያህል ረዥም ታሪክ ያለው አገር የሚገኝ አይመስለንም። «ኬጁ» የሚባለው የመንግሥት ሹማምንት መመልመያ ፈተና በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጠንስሶ እስከ 1905 ድረስ፣ ማለትም 1300 ዓመት ያህል ዘልቋል። በመጨረሻዎቹ ክፍለ ዘመናት ሦስት ዋና ዋና ደረጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያው በአውራጃና በከተማ የሚሰጠው ነው፤ ይኸን ያለፈ «ሽዩጻይ» ይባላል። ሁለተኛው በየሦስት ዓመቱ በክፍለ አገሩ ዋና ከተማ የሚሰጠው ነው፤ ያለፈው «ጁረን» ይባላል። ሦስተኛው በቤጂንግ የሚሰጠው ሲሆን ያለፈው «ጂንሺ» ተብሎ ለከፍተኛ ሹመት ይታጫል።

የሁለተኛው ደረጃ ፈተና የተለየ ጭንቅ ነበረው። በናንጂንግ የነበረው የመፈተኛ ግቢ በኋለኛው ዘመን ከ20,000 በላይ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ተፈታኙ ስንቁንና ቀለሙን ይዞ በአንዷ ውስጥ ይገባል። ቀን ጠረጴዛ የሆነው ሳንቃ ሌሊት አልጋ ይሆናል። ይኸ ሁሉ በሦስት ዙር፣ በየዙሩም እስከ ሦስት ቀን ድረስ ነው። ከገቡትም መካከል የሚያልፈው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

ስንት ጊዜ መፈተን ይቻላል? ገደብ አልነበረውም። ዕድሜ የገታው ካልሆነ በቀር ሰው እስኪሸብትና እስኪጎብጥ ድረስ ይመላለስ ነበር። አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ዓመት የተቀመጡበት ጊዜም አለ። በሩ ለሴቶች ፈጽሞ ዝግ ነበር። ለወንዱም ቢሆን በወረቀት ላይ ክፍት ይሁን እንጂ፣ ልጁን ከእርሻ ሥራ አውጥቶ ለዓመታት የሚቀልብ ቤተሰብ የሌለው ድኃ ገበሬ እንዴት አድርጎ ይመላለሳል? እንግዲህ የመድገም መብት ለሁሉ ቢሰጥም የመድገም አቅም ለሁሉ አልተሰጠም። ይኸን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ላይ የሚያልፈው ሰው ቁጥር በኮታ የታጠረ ነበር። ከ1700 እስከ 1850 ባለው ጊዜ የቻይና ሕዝብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ከ400 ሚሊዮን ሲያልፍ፣ ኮታው ግን እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ስለዚህ በየዓመቱ የወዳቂው ሠራዊት እየበዛ ሄደ። ከዚህ ሠራዊት ውስጥ ሦስት ሰዎችን መርጠናል።

፫

የመጀመሪያው ፑ ሶንግሊንግ ነው። በ1640 በሻንዶንግ ክፍለ አገር ተወለደ። በ1658 የመጀመሪያውን ደረጃ አንደኛ ሆኖ አለፈ። ሰዉ ሁሉ «ይኸስ ጉድ ነው፣ ነገ ሹም ይሆናል» ሳይል አልቀረም። ከዚያ በኋላ ግን የሁለተኛውን ደረጃ ከአርባ ዓመት በላይ ተመላልሶ አላለፈውም። በ1687 ሲቀመጥ ለጽሑፉ ከተሰጡት ገጾች አንዱን ሳያስተውል ባዶ ዘሎ በመጻፉ ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ተሰረዘ። በ1690 ደግሞ በሁለተኛው ዙር ላይ ሕመም ጣለው። ኑሮውን የገፋው በአንድ ባለጸጋ ቤት የልጆች አስተማሪ ሆኖ ነው፤ በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1711፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በዕድሜ ብዛት የሚሰጥ የክብር ማዕረግ ጣሉለት። በ1715 ሞተ።

ይኸ ሰው ግን ማታ ማታ ይጽፍ ነበር። የሰበሰባቸውና የፈጠራቸው ወደ 500 የሚጠጉ የመናፍስትና የቀበሮ ተረቶች ከሞተ ግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በ1766፣ ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ከነዚህ በአንዱ ዓይነ ሥውር መነኩሴ የተፈታኞችን ጽሑፍ እያስቃጠለ ጢሱን በማሽተት ብቻ መልካሙን ከመጥፎው ይለያል። ፈታኞቹ ግን መጥፎውን አሳልፈው መልካሙን ይጥላሉ። መነኩሴው ዓይኑ እንጂ አፍንጫው አልታወረም፤ ፈታኞቹ ግን ሁለቱም ታውሮባቸዋል መሆኑ ነው። ሰውዬው እንዴት አንጀቱ ቢያርር ነው እንዲህ የጻፈው!

ሁለተኛው ሆንግ ሽዩቹዋን ነው። በ1814 በደቡብ ቻይና፣ ከጓንግጁ ከተማ አጠገብ ባለ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዘመድ አዝማድ ተስፋውን የጣለው በርሱ ላይ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ የአውራጃውን ማጣሪያ አልፎ በጓንግጁ በሚሰጠው ላይ ወደቀ። በ1836 እንደገና ወደቀ። በ1837 ሦስተኛ ወደቀ። በዚህ ጊዜ አእምሮውም ሰውነቱም አልቻለም፤ በሰው ሸክም ወደ ቤቱ ተወሰደና ለብዙ ቀናት በትኩሳትና በራእይ ታመመ። ድኖ የመንደር አስተማሪ ሆነ። በ1843 አራተኛ ተቀመጠ፤ አራተኛም ወደቀ።

በዚያው ዓመት ቀደም ሲል ጓንግጁ ላይ የተሰጠውን የክርስትና ስብከት መጽሐፍ አንብቦ የ1837ቱን ራእይ በርሱ ፈታው። ራሱንም የኢየሱስ ታናሽ ወንድም አድርጎ ቆጠረ። ከዚያ የሆነው የታወቀ ነው። በ1851 መጀመሪያ ተከታዮቹን አሰልፎ ተነሣ። በ1853 ናንጂንግን ይዞ ዋና ከተማው አደረገ። የታይፒንግ ጦርነት እስከ 1864 ሲዘልቅ በትንሹ 20 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል።

እዚህ ላይ ነገር እንዳይቀልብን እንጠንቀቅ። ይኽን ያህል ሕዝብ ያለቀው አንድ ሰው ፈተና ስለ ወደቀ ነው ማለት ታሪክን ማሾፊያ ማድረግ ነው። የመሬት ጥበት ነበር፤ ረኀብ ነበር፤ ከ1839 እስከ 1842 በተካሄደው የኦፒየም ጦርነት አገሪቱ ተዋርዳ ነበር፤ በደቡብ በነባሩና በመጤው ሕዝብ መካከል ደም ይፈስስ ነበር። ይኽ ሁሉ ባይኖር የሆንግ ራእይ የአንድ መንደር ወሬ ሆኖ በቀረ። ሆኖም እሳቱን ለመጫር የተማረ፣ አንደበት ያለውና በሩ የተዘጋበት ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው በየሦስት ዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ያመርት ነበር። ይበልጥ የሚገርመው፣ ሆንግ ናንጂንግን ከያዘ በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የራሱን ፈተና ማቋቋሙ ነው። አራት ጊዜ የወደቀው ሰው በተራው ፈታኝ ሆነ።

ሦስተኛው የሆንግን መንግሥት ያፈራረሰው ዘንግ ጉዎፋን ነው። በ1811 በሁናን ተወለደ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እርሱም ከቤተሰቡ ጋር የታወቀ ወዳቂ መሆኑን ነው። አባቱ የመጀመሪያውን ደረጃ ያለፉት በ17ኛው ሙከራ፣ ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ልጁ ዘንግም ደጋግሞ ወደቀ። በ1832 የደረሰበት ግን ከመውደቅም የከፋ ነበር። ፈታኙ ጽሑፉን «ሐሳቡ ጥልቀት የለውም» የሚል ትችት አስፍሮ፣ ለሌላው መማሪያ እንዲሆን በአደባባይ አስለጠፈው። እስቲ አስቡት፤ አባት ባለፉበት ዓመት የልጅ ስሕተት ግድግዳ ላይ!

ዘንግ ያን ቀን ምን እንደ ተሰማው ለመገመት አይቸግረንም። ነገር ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ የተተቸበትን ነጥብ በነጥብ ይዞ ሠራበት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1833፣ አለፈ። በ1834 ሁለተኛውን ደረጃ አለፈ። በቤጂንግ ግን በ1835 እና በ1836 እንደገና ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከሁለተኛው ውድቀት ሲመለስ ገንዘብ ተበድሮ፣ አልበቃ ሲለው ልብሱን አስይዞ፣ የቻይናን የታሪክ መጻሕፍት ጥራዝ ገዛ። አባቱም ከዳር እስከ ዳር እንደሚያነባቸው ቃል አስገብተው ዕዳውን እንከፍላለን አሉት። አንድ ዓመት ያህል ከቤት ሳይወጣ አነበበ። በ1838 ጂንሺ ሆነ።

ያለፈ ሁሉ ጻድቅ ነው ማለታችን እንዳይመስላችሁ። የዘንግ ጦር በ1864 ናንጂንግ ሲገባ ከተማይቱ በደም ታጥባለች። ማለፍ ሰውን ደግ አያደርግም፤ መውደቅም ክፉ አያደርግም። እኛ የፈለግነው ሌላ ነገር ነው። ሆንግም ዘንግም ደጋግመው ወድቀዋል። ዘንግ ግን ለምን እንደ ወደቀ፣ ምንም እንኳ በሚያሳፍር መንገድ ቢሆን፣ ተነገረው። ሆንግ የተነገረው ስሙ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ አለመኖሩ ብቻ ነው። የጎደለውን ያልተነገረው ሰው፣ ያው ሰው ሆኖ ያንኑ ፈተና አራት ጊዜ ተቀመጠ።

፬

ኬጁ በ1905 በዐዋጅ ተሰረዘ። መፈተን ግን አልቀረም። በዛሬዪቱ ቻይና ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና «ካዎያን» ይባላል። በባህል አብዮቱ ምክንያት ከ1966 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ከምናምን የድኅረ ምረቃ ቅበላ ተቋርጦ፣ በ1978 ሲመለስ 63,500 ያህል ሰዎች ተመዘገቡ፤ 10,700 ያህሉ ገቡ። ከነዚህ ብዙዎቹ በገጠርና በፋብሪካ ዓመታት ያሳለፉ፣ ደብተራቸውን ደብቀው ያቆዩ ሰዎች ነበሩ። ለ2023 ቅበላ የተመዘገበው ሰው ግን 4.74 ሚሊዮን ደረሰ። ፈተናው በዓመት አንዴ፣ በታኅሣሥ ማለቂያ ነው። የወደቀ ሙሉ ዓመት መጠበቅ አለበት። ተማሪዎቹም ዳግመኛ መቀመጥን «ሁለተኛው ጦርነት» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ ራሱ ስንት ነገር ይናገራል!

በአሜሪካ ደግሞ በ1930ዎቹ በካርኔጊ ፋውንዴሽን አነሣሽነት ከሃርቫርድ፣ ከዬል፣ ከፕሪንስተንና ከኮሎምቢያ ጋር የተጀመረው «ጂ አር ኢ» አለ። በዚህኛው ያልቀናው ሰው 21 ቀን ቆይቶ እንደገና ይቀመጣል፤ በ12 ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ይፈቀድለታል። ከ2012 ወዲህ ከውጤቶቹ የተሻለውን መርጦ መላክም ይችላል። እንዴት ያለ ምሕረት ነው! ነገር ግን አንዱ መቀመጫ ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። አምስት ጊዜ ያለው ደንብ ለማን እንደ ተጻፈ የኛ አገር ተማሪ ኪሱን ዳብሶ ይመልስ። ያዙልን ያልነው ነጥብ ይኸ ነው። በሳንቃ ላይ የተኛው የቻይና ገበሬ ልጅና የዛሬው ተማሪ በዚህ አንድ ናቸው፤ ደንቡ «ድገም» ይላል፣ ኑሮ «በምንህ?» ይላል።

በእኛም አገር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ብሔራዊ ሆኗል። እንግዲህ የድጋሚ ተፈታኝ ታሪክ በእኛ ዘንድ ገና መጻፍ መጀመሩ ነው። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ከወዲሁ ልናስብበት ይገባል።

፭

ወደ ራሳችን እንመለስ። የዘንግ ጉዎፋንን ታሪክ ባነበብን ማታ አንዱ ጓደኛችን፣ «በቃ እኛም እንለጥፍ» አለ። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን አደረግነው። ያለፉ የልምምድ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዘን ሠራንና እያንዳንዳችን የሳትነውን፣ ከሳትንበት ምክንያት ጋር፣ ከዶርማችን ግድግዳ ላይ ለጠፍን።

የታየው ነገር አስደነገጠን። አራታችንም «እንግሊዝኛው ነው የጣለን» ስንል ነበር የከረምነው። ለካ እንግሊዝኛ የጣለው አንዳችንን ብቻ ነው። አንደኛው የመጀመሪያዎቹ አሥር ጥያቄዎች ላይ ሙጭጭ ብሎ፣ የመጨረሻዎቹን ሃያ ሳያያቸው ሰዓት ያልቅበታል። ሌላው የመቶኛና የክፍልፋይ ስሌት ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ነክቶ አያውቅም። አራተኛው፣ ሁሉም «ቀለሜ» የሚለው፣ ሳይተኛ አድሮ ስለሚገባ የሚያውቀውን ይስታል። ይኸን ሳናውቅ ብንደግም ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ያንኑ ሃንድአውት ሸምድደን፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ እንወድቅ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከአራታችን አንዱ ዘንድሮ አይደግምም። እናቱን የሚረዳ ሌላ ሰው የለምና ሥራ ይዟል። ይኸን «ተሸነፈ» ብለን አንጽፈውም። የጥናቱ ሰዓት ወደ ማታና ወደ ቅዳሜ የተዛወረው ለርሱ ብለን ነው፤ ወረቀቱም ከግድግዳው አልወረደም። በሚመጣው ዓመት ወይም ከዚያ ወዲያ ሲቀመጥ ከዜሮ እንዳይጀምር ብለን ነው። የመድገምን አቅም ሥርዓቱ እኩል ባያካፍለን፣ እኛ ጥቂቱን እንኳ እርስ በርሳችን ልንካፈል እንችላለን ብለን እናምናለን።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ያልቀናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምክራችን አጭር ነው። ውጤቱን አትደብቁት። የተደበቀ ውጤት አይታረምም። ሦስትም አራትም ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ ስሕተታችሁን እናንተው ለጥፉት፤ ምክንያቱን በሰው ላይ ሳይሆን በጥያቄው ላይ ፈልጉ። ምክንያቱን ካገኛችሁት ድገሙ። ካላገኛችሁት ግን ለመድገም አትቸኩሉ፤ ፑ ሶንግሊንግ አርባ ዓመት ተመላልሷል። ፈጽሞ መተው የመረጠም ካለ ይተው፤ የርሱም ሌላ መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ ፑን ዛሬ የምናውቀው በፈተናው ሳይሆን በተረቶቹ ነው።

ባለፈው እሑድ አጎትዬው ዘንድ አራታችንም ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ያንን ተረት ሊደግሙልን ሲሉ፣ የታሪኩ ተማሪ ቀደም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሌላም ተረት አለ እኮ፤ አንዴ ያደናቀፈህ ድንጋይ ሁለተኛ ካደናቀፈህ ድንጋዩ አንተ ነህ ይባላል» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሺ፣ ታዲያ ድንጋዩን አያችሁት?» ብለው ጠየቁ።

አይተነዋል አልናቸው። አንድ በአንድም ነገርናቸው።